የሚዛን ግቢው ሰልፍ

ሪሃና ተወልዳ ያደገችው ሐረር፣ ፈላና በር አጠገብ፣ ከግንቡ ወደ ውስጥ በሚገባ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነው። አባቷ ቀድመው ስለሞቱ እናቷ ሐዋ በሩ ላይ ጉሊት ተቀምጠው፣ ሎሚና ቃሪያ እየቸረቸሩ ሁለት ልጆች አሳደጉ። ታላቁ ነስሮ ትምህርቱን አቋርጦ መኪና ላይ ወጣ። መጀመሪያ ረዳት ነበር፤ በኋላ ሾፌር ሆኖ በአይሱዙ ጫት ወደ ጅጅጋ ማመላለስ ያዘ። ሪሃና ኮምፒውተር ሳይንስ ተምራ የተመረቀችው ነስሮ በላከላት ላፕቶፕ፣ ነስሮ በሸፈነላት ወጪ ነው። ይህንን እሱ አንስቶት አያውቅም። እሷ ደግሞ ረስታው አታውቅም።

አብረዋት የጨረሱት ብዙዎቹ አዲስ አበባ ገቡ። እሷ እናቷን ትታ መሄድ አልሆነላትምና እዚያው ሐረር፣ ከግንቡ ውጭ አዲሱ ከተማ ውስጥ፣ ከጫማ መደብር በላይ ባለ ቢሮ ተቀጠረች። ድርጅቱ ትንሽ ነው። ሥራ አስኪያጁ ፈይሰል የሚባል አነጋገሩ የሚጣፍጥ፣ ደንበኛ መያዝ የሚያውቅ ሰው ነበር። ዋናው ፕሮግራም ጸሐፊ ጋሽ ወንድወሰን ናቸው፤ የሐረር የድሮ ነዋሪ ቤተሰብ ልጅ፣ ብዙ ዘመን ሒሳብ ሲያስተምሩ ኖረው ፕሮግራም መጻፍን በራሳቸው የለመዱ። ለሪሃና ዩኒቨርሲቲ ያልሰጣትን የሰጧት እሳቸው ናቸው። "ፕሮግራም ሲያስቸግርሽ አትገምቺ፤ ለኪው" ይሏት ነበር። አጠገቧ የምትሠራው ብሌን ደግሞ እኩያዋ ናት፤ ምሳቸውን አብረው ነው የሚበሉት።

የድርጅቱ ትልቁ ደንበኛ አንድ የጫት ነጋዴዎች ማኅበር ነበር። ጫት የጫነ መኪና ወደ ጅጅጋ መንገድ ከመውጣቱ በፊት የማኅበሩ ሚዛን ግቢ ይገባል። እዚያ ይመዘናል፤ ፕሮግራሙ ክብደቱን መዝግቦ፣ አዲስ አበባ ካለ ማእከል በኢንተርኔት ማረጋገጫ ጠይቆ፣ ተራ ቁጥር ሰጥቶ የመውጫ ወረቀት ያትማል። ወረቀቱ ካልታተመ መኪናው አይንቀሳቀስም። እርጥብ ጆንያና ቅጠል የተከናነበው ጫት ግን ፀሐይ እየበረታ በሄደ ቁጥር ይጠወልጋል፤ ጅጅጋ ላይ የሚጠብቀው ገዢም የጠወለገውን አይነካም።

ግቢው አንድ ሚዛን ብቻ በነበረው ጊዜ ሁሉ ነገር ሰላም ነበር። ማኅበሩ እየሰፋ ሚዛን ሲጨመር፣ ደግሞ ሲጨመር፣ ሰልፉ በመቃለል ፈንታ ረዘመ። ጋሽ ወንድወሰን "ማሽኑ አልቻለም፤ ጉልበት ያለው ሰርቨር ይገዛ" አሉ። ተገዛ። ፕሮግራሙ የሚሄድበት፣ ብዙ ሥራ ባንድ ጊዜ መሥራት የሚችል ትልቅ ኮምፒውተር መጣ። ሥራ በጀመረ ሰሞን ሰልፉ ከበፊቱ ብሶ ቁጭ አለ።

ነስሮ በዚያ ሰሞን ለምሳ ቤት ሲመጣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

"አቦ፣ የናንተ ኮምፒውተር ምን ሆነ?" አላት። "ሚዛን ላይ ቆሜ መዛኙ ልጅ ስክሪኑን ያያል፤ እኔ ልጁን አያለሁ። የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።"

"እየታየ ነው" አለችው። ግን ማንም እያየው አልነበረም።

በማግስቱ ሥራውን ራሷ ያዘችው። ፕሮግራሙ ብዙ መኪና ባንድ ጊዜ እንዲያስተናግድ ሥራውን ለብዙ ትሬዶች ያከፋፍላል። ትሬድ የሚባለው በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን ከሚሄዱት ሥራዎች አንዱ ነው፤ ሚዛን ላይ ለቆመ ለእያንዳንዱ መኪና አንድ ትሬድ ይደርሰዋል። ታዲያ ጎን ለጎን ይሂዱ ከተባሉ ለምን አይሄዱም? ይህንን ለማወቅ ፕሮፋይለር ያስፈልጋል፤ ፕሮግራም ጊዜውን የት እንደሚያጠፋ የሚለካ መሣሪያ ነው።

ሪሃና ፕሮፋይለሩን ጠዋት፣ ግቢው በተጨናነቀበት ሰዓት፣ ሥራ ላይ ባለው ሰርቨር ላይ ለቀቀችው። እያንዳንዷን እርምጃ መዝግብ ብላ ስላዘዘችው መዝጋቢው ራሱ ከተመዝጋቢው በላይ ከበደ። ፕሮግራሙ ጭራሽ ቆመ። ከሚዛን ግቢ ስልክ ተደወለ፤ ከዚያ ማኅበሩ ደወለ። አጥፍታው ሥራው እስኪመለስ የግቢው ሰልፍ አስፋልቱ ድረስ ወጥቶ ነበር።

ፈይሰል አልጮኸባትም። ቢሮው ጠርቶ "ሪሃና፣ በሚሠራ ነገር ላይ ሙከራ አይሠራም። ከዛሬ ጀምሮ ያንን ሰርቨር እንዳትነኪው" አላት። ትክክል ነበር። ጥፋቷን አምና ወጣች።

ስለዚህ ሙከራውን በራሷ ማሽን ላይ ጀመረች። እዚያ ደግሞ ችግሩ የለም። አንድ መኪና አስገብታ ብትመዝን ፕሮግራሙ እንደ ንፋስ ነው። ችግሩ የሚመጣው ብዙዎቹ ባንድ ላይ ሲመጡ እንደሆነ ገባት። ከብሌን ጋር ሆነው የውሸት ሚዛኖችና የውሸት መኪናዎች የሚልክ ትንሽ ፕሮግራም ጻፉ፤ ከማእከሉ የሚመጣውን መልስም እንደ እውነተኛው እንዲዘገይ አደረጉት። አሁን ሰልፉ ቢሮ ውስጥ ተፈጠረ።

ሪሃና በዚህኛው ላይ ቀለል ያለውን ልኬት ሞከረች፤ እየቆየ ገባ ብሎ አይቶ የሚወጣውን ዓይነት። ውጤቱ ግራ አጋባት። ፕሮሰሰሩ፣ የኮምፒውተሩ አንጎል፣ ሥራ ፈት ነው። የትኛውም ክፍል ጊዜ እየበላ አይደለም።

"ንጹሕ ነው'ኮ" አለች ብሌን።

"ንጹሕ ከሆነ ለምን ይቆማል?"

ምሳም ሳይበሉ ቆዩ። በመጨረሻ ሪሃና የሳተችው ነገር ታያት። መሣሪያው የሚቆጥረው ትሬዱ ሲሠራ ብቻ ነው። ቆሞ የሚጠብቅ ትሬድ ፕሮሰሰሩን ስለማይነካ፣ ለመሣሪያው የሌለ ያህል ነው። ልኬቱን ገልብጣ የሚሠሩበትን ትታ የሚጠብቁበትን ለካች። ስክሪኑ ላይ የወጣው ሥዕል ሌላ ነበር። ሁሉም ትሬዶች፣ ከአንዱ በቀር፣ አንድ ቦታ ላይ ተገትረዋል።

ቦታውን ኮዱ ውስጥ ከፍታ አየችው። ሁለት መኪና አንድ ዓይነት ተራ ቁጥር እንዳይወስድ ቁጥር መስጫው ላይ ቁልፍ ተደርጓል። አንዱ ትሬድ ቁልፉን ሲይዝ ሌሎቹ እስኪለቅ ይጠብቃሉ። ይሄ ደግ ነው። ክፋቱ፣ ቁልፉን የያዘው ትሬድ ቁጥሩን ወስዶ በመውጣት ፈንታ ቁልፉን እንደያዘ አዲስ አበባ ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ መልሱ እስኪመጣም ቁልፉን አይለቅም። አንድ መኪና መልስ ሲጠብቅ የግቢው መኪና ሁሉ አብሮት ይጠብቃል። ሚዛን በጨመሩ ቁጥር የጨመሩት የሚጠብቅ ትሬድ ነው። አዲሱ ሰርቨርም ምንም ሊያደርግ አይችልም። ማስተካከያው ጥቂት መስመር ነው፤ ጥያቄውን ከቁልፉ ውጭ ማውጣት።

ኮዱ የጋሽ ወንድወሰን ነበር። ለሌላ ሰው ሳትናገር ሥዕሉን ወረቀት ላይ አትማ መጀመሪያ ወደ እሳቸው ሄደች። መነጽራቸውን አድርገው ሥዕሉን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

"ያኔ አንድ ሚዛን ብቻ ነበረ" አሉ።

"አውቃለሁ ጋሽ ወንድወሰን። ያኔ ትክክል ነበር።"

"ሰርቨር ይገዛ ያልኩትም እኔ ነኝ።"

ወረቀቱን መልሰው ሰጧትና "ግድ የለም፣ ስብሰባው ላይ እኔ እናገራለሁ። ከአንቺ አፍ ከሚሰሙት ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል" አሏት። እፎይ ብላ ወጣች። ለብሌንም "ትልቅ ሰው እንዲህ ነው" አለቻት።

በስብሰባው ላይ አራቱም ተቀመጡ። ፈይሰል አስቀድሞ የያዘው ወሬ ሌላ ነበር። ማኅበሩ አዲሱን ሰርቨር በሥነ ሥርዓት ሊያስመርቅ ነው፤ እንግዶች ተጠርተዋል፤ ከሌሎች ከተሞች የሚመጡ ነጋዴዎችም ፕሮግራሙን አይተው ሊገዙ ይችላሉ። ሪሃና ጋሽ ወንድወሰንን ጠበቀቻቸው። እስክሪብቷቸውን ያገላብጣሉ። ፈይሰል ሊዘጋ ሲል ራሷ ተናገረች። ሥዕሉን አሳየች፤ ማን እንደጻፈው ሳታነሳ ቁልፉን አስረዳች።

ፈይሰል አቋርጧት አያውቅም፤ ያንን ቀንም እስክትጨርስ ሰማት።

"እሺ፣ እንዳልሽው ይሁን" አለ። "አሁን ማኅበሩን ምን ልበለው? ይሄን ሁሉ ያወጣችሁበት ሰርቨር አያስፈልጋችሁም ነበር ልበል? በምረቃው ዋዜማ?"

"ምንም አይበሏቸው። አስተካክለን ዝም እንበል።"

"ቢቆምስ? ባለፈው ስትነኪው ቆሟል።"

"ያ መለኪያው ነው የከበደው፣ ይሄ ሌላ ነው።"

"ለሾፌሮቹ አንድ ነው" አለና ወደ ሽማግሌው ዞረ። "ጋሽ ወንድወሰን፣ ኮዱን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ምን ይላሉ?"

ሪሃና አየቻቸው። እሳቸው ጠረጴዛውን አዩ።

"ጥንቃቄ ቢደረግ ጥሩ ነው" አሉ። "ከምረቃው በኋላ ብናየው።"

በዚሁ ተበተነ። ኮሪደሩ ላይ ጋሽ ወንድወሰን "ሪሃና" ብለው ተጣሩ፤ ዞር ብላ ቆመችላቸው፤ እሳቸው ግን መነጽራቸውን እየጠረጉ አልፈዋት ሄዱ።

በቀጣዩ ሳምንት መጀመሪያ ነስሮ ምሳ ሊበላ መጣ። እናታቸው ጉሊት ላይ ስለነበሩ ያቀረበችለት እሷ ናት።

"ችግሩን አግኝቼዋለሁ" አለችው።

"አልሐምዱሊላህ። ታዲያ?"

"ከምረቃው በኋላ ይሉኛል።"

ሳቅ አለ። "እሺ፣ ለጫቱ እነግረዋለሁ። ከምረቃው በኋላ ጠውልግ እለዋለሁ።"

"ነስሮ፣ ሰዓት ሲሄድባችሁ ምንድነው የምታደርጉት?"

"ምን እናደርጋለን? ሚዛን ላይ የጠፋውን መንገድ ላይ እንፈልገዋለን።"

"ቀስ ብለህ ሂድ። ወላሂ፣ ቢጠወልግ ይጠውልግ።"

"ሪሁ፣ ሾፌሩ እኔ የሆንኩ ይመስልሻል? ሾፌሩ ጫቱ ነው።" እጁን ታጥቦ፣ ራሷን መታ መታ አድርጎ ወጣ።

ነስሮ በዚያው ሳምንት፣ ምረቃው ሳይደርስ፣ በጅጅጋ መንገድ ከባቢሌ አልፎ ባለው ሸለቆ ውስጥ፣ መታጠፊያ ላይ ሞተ። መኪናው መንገዱን ስቶ ተገለበጠ። ወሬውን ይዞ የመጣው ጀይላን ነው፤ የነስሮ ጓደኛ፣ ያን ጠዋት ከእሱ ኋላ ተሰልፎ ከእሱ ኋላ የወጣ ሾፌር። ቢሮ ድረስ ደረጃውን ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ልብሱ ላይ አቧራ ነበረ። ሪሃና ፊቱን ስታይ "በሕይወት አለ?" አለች። ጀይላን ፊቱን ወደ ደረጃው መለሰ። ብሌን ናት የያዘቻት።

የዚያኑ ቀን ተቀበረ። ሐዋ አልጮኹም። መደብ ላይ ተቀምጠው ለመጣው ሁሉ "የአላህ ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ ነው" ይላሉ፤ እጃቸው ግን ያለማቋረጥ የሻሻቸውን ጫፍ ይጠቀልላል፣ ይፈታል። ሪሃና አጠገባቸው ተቀምጣ ያንን እጅ ታያለች።

ፈይሰል ለተዕዚያ፣ ሐዘን ሊደርስ፣ መጣ፤ ከወንዶቹ ጋር ቁጭ ብሎ ዱዓ አደረገ፤ ሲወጣ የሐዋን እጅ ሳመ። ጋሽ ወንድወሰንም መጡ። ኮታቸውን እንደለበሱ ጥግ ላይ ተቀምጠው ብዙ ቆዩ። ሰው ሲቀንስ ወደ ሪሃና ቀረብ ብለው "ልጄ፣ እኔ ያን ቀን..." አሉ።

"ሻይ ይጠጡ ጋሽ ወንድወሰን" አለቻቸው።

ብርጭቆውን ተቀበሉ። ሳይጠጡት አስቀምጠው ሄዱ።

ብሌን ሰው ሳይበዛ እየጠበቀች በየቀኑ ትመጣ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጥታ ቦርሳዋን እንደታቀፈች ተቀመጠች። ሪሃና "ምንድነው?" አለቻት።

"ምረቃው ትናንት ሆነ።"

"አላራዘሙትም?"

"ለነስሮ ተነስተው የኅሊና ጸሎት አደረጉ።" ብሌን ወለሉን እያየች ቀጠለች። "ሪሃና፣ ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል። ፈይሰል እንግዶች ፊት ሰልፍ እንዳይታይ ፈራ። ከቀብሩ በኋላ፣ ምረቃው ሳይደርስ፣ ጋሽ ወንድወሰንን ያስተካክሉት አላቸው። አንቺ እንዳልሽው ጥያቄውን ከቁልፉ አወጡት። ግማሽ ቀን አልፈጀባቸውም። ትናንት መኪናው እየገባ እየወጣ ነው፤ ሰው ያጨበጭባል። ሰርቨሩን አመሰገኑት።"

ሪሃና ይህን ስትሰማ ያለቀሰችው ልቅሶ ወንድሟ ሲቀበር ካለቀሰችው የተለየ ነበር። እናቷ ከወዲያኛው ክፍል ሰምተው ሐዘኑ የተነሳባት መሰላቸውና "ኢስቲግፋር አድርጊ ልጄ፣ አላህን ምሕረት ለምኚ" አሏት።

ከሐዘኑ ወደ ሥራ የተመለሰች ቀን ቀጥ ብላ ፈይሰል ቢሮ ሄደች። ወንበር ሳበላት፤ አልተቀመጠችም።

"ማስተካከያው ገብቷል አሉኝ።"

"ገብቷል። ያልሽው ነው የተደረገው፤ ትክክል ነበርሽ።"

"ያን ጊዜም ትክክል ነበርኩ።"

ፈይሰል ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "ሪሃና፣ ያ መንገድ ስንቱን በልቷል። ፕሮግራም ሳይኖርም ይበላ ነበር። በአላህ፣ ይሄን በራስሽ ላይ አትጫኚው፣ በእኛም ላይ አትጫኚው።"

ያለው ሐሰት አልነበረም። ነስሮ ያን ጠዋት ሚዛን ላይ ስንት ሰዓት እንደቆመ ከሰርቨሩ ማውጣት ትችላለች። ከግቢው ወጥቶ ለምን እንደፈጠነ፣ ባይቆምስ ኖሮ ያንን መታጠፊያ ቀስ ብሎ ያልፈው እንደሆነ፣ ማውጣት አትችልም። ማንም አይችልም። ፈይሰልም ያወቀው ይህንን ነው፤ የተደገፈበትም ይህንን ነው። "እሺ" ብላ ወጣች።

ሰው ትለቃለች ብሎ ጠብቆ ነበር። ብሌንም ጠብቃለች። አልለቀቀችም። የነስሮ ደመወዝ ቀርቷል፤ የሐዋ ጉልበት ከዚያ ወዲህ ጉሊት አላስቀምጥ ብሏቸዋል፤ ለቤቱ የቀረው የእሷ ደመወዝ ብቻ ነው። የለቀቁት ጋሽ ወንድወሰን ናቸው። ድሬዳዋ ያለችው ልጃቸው ጋ ጠቅልለው ሄዱ። በመጨረሻው ቀናቸው ሁሉንም ሲሰናበቱ ሪሃና ከመቀመጫዋ ተነስታ ሁለት እጇን ሰጠቻቸው፤ ክብራቸውን አላጓደለችም። ደህና ይግቡ አለቻቸው። ከዚያ በኋላ አልደወለችላቸውም፤ እሳቸውም አልደወሉም። ጠረጴዛቸው ለእሷ ተሰጠ፤ የደረጃ እድገት ተባለ።

አንድ ቀን ጠዋት ጀይላን እንደገና ያንን ደረጃ ወጣ። በዚህ ጊዜ ልብሱ ንጹሕ ነው፤ በፌስታል ብርቱካን ይዟል። ሾፌሮቹ አዋጥተው እንደላኩት ነገራት።

"ሰልፍ የሚባል ነገር ጠፋ'ኮ" አላት። "ፀሐይ ሳይሞቅ ባቢሌን እናልፋለን። ልጁ፣ ሚዛን ላይ ያለው፣ ማን እንዳስተካከለው ነገረን፤ የነስሮ እህት ናት አለን። ነስሮ ኖሮ ቢያይ ምን ያህል ይደሰት ነበር።"

ሪሃና ፌስታሉን አልተቀበለችውም። ጀይላንን ወደ ኮሪደሩ ይዛው ወጣችና በሩን ዘጋች።

"ጀይላን፣ ቀድሞ ይስተካከል ነበር።"

"እንዴት?"

"ችግሩን አግኝቼው ነበር። ነስሮ ሳይሞት። ነግሬያቸው ነበር። ከምረቃው በኋላ አሉ፤ ከዚያ እሱ ከሞተ በኋላ ለምረቃው ብለው አስተካከሉት።"

ለብሌን ካልሆነ በቀር ይህንን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ጀይላን ይጮሃል፣ ደረጃውን ወርዶ ሾፌሮቹን ይጠራል፣ ቢያንስ ይሳደባል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ከታች ከጫማ መደብሩ ዋጋ የሚከራከር ሰው ድምፅ ይሰማል።

"ያን ጠዋት" አለ፣ "ኋላው ስለነበርኩ አይቼዋለሁ። ወረቀቱን ሲቀበል እየሮጠ ነው መኪናው ላይ የወጣው።"

"አትንገረኝ።"

"እሺ።" ፌስታሉን ከእጁ ወደ እጁ አዛወረ። "ለእናትሽ ነግረሻቸዋል?"

"አልነገርኩም።"

"አትንገሪያቸው። ቀደር ነው ብለው ተቀምጠዋል፤ ይቀመጡበት። ለሌሎቹም አልናገርም። ሁላችንም ነገ እዚያው ሚዛን ላይ ነው የምንቆመው፤ ማኅበሩ ከጠላን ማን ያስጭነናል?"

"እሺ" አለች።

ብርቱካኑን በሩ ስር አስቀምጦ "አላህ ይርሐመው" ብሎ ወረደ። ሪሃና እግሩ ደረጃውን እስኪጨርስ ቆማ ሰማችው። ከዚያ ፌስታሉን አንስታ ገባች፤ ለብሌን ሰጠቻትና ለሁሉም አካፍይ አለቻት። ፈይሰልም አንዱን ወስዶ ልጦ እየበላ ወደ ጠረጴዛዋ መጣ፤ አንድ የጅጅጋ ነጋዴ ፕሮግራሙን ሊገዛ እንደሚፈልግ፣ ማሳያውን እሷ ጅጅጋ ሄዳ ብታቀርብ ጥሩ እንደሚሆን ነገራት። መቼ እንደሆነ ጠየቀችው፤ ነገራት። መንገዱ በባቢሌ በኩል መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ፤ አላነሱትም።